ስለ ውፍረትና ስለ ሰው ክብር

በአገራችን «ወፈርህ፣ አማረብህ» ማለት የሙገሳ ቃል ሆኖ ኖሯል። በአሜሪካ ግን ወፍራም ሰው በመንገድም በሥራ ቦታም ሲናቅ በመኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 መብቱን የሚያስከብር ማኅበር በኒው ዮርክ ተመሠረተ። ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። አንደኛው ወገን ውፍረት በሽታ ነው ይላል፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ተቀብሏል። ሁለተኛው ወገን ሰውነታችን አይናቅ ይላል።

እኛ እንደምናምነው ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም በር እንደሚከፍት መካድ አይቻልም። ነገር ግን ውፍረት ከዘርም ይወረሳልና ሁሉን በሆዳምነት ማሳበብ ስሕተት ነው። ስድብም ማንንም አላዳነም። የተሰደበ ሰው ወደ ሐኪም ቤት መምጣት ይተዋል፤ የደም ግፊቱ ሳይለካ፣ ስኳሩ ሳይመረመር ሕመሙ በስውር ይበረታል። እኛ የጤና ሠራተኞችም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለንም፤ ጉልበቱን ታሞ የመጣውን ሳንመረምር «መጀመሪያ ክሳ» ብለን የሸኘንበት ቀን አለ።

ስለዚህ የጤና ሠራተኛ እውነቱን በአክብሮት ይናገር፤ ወፍራሙም ሳያፍር በየጊዜው ይመርመር፤ ቤተ ዘመዱም ማሾፉን ትቶ አብሮት በእግሩ ይሂድ።