የአንጎል ዘበኞች ሲታክቱ

እናትዎ አንዱን ጥያቄ ቡናው አቦል ሳይወርድ ሦስቴ ቢጠይቁዎት «ጃጅተው ነው» ብለው አይለፉት። መነሻው አልዛይመር ሊሆን ይችላል።

በአንጎላችን ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1919 ለይቶ የሰየማቸው ስፔናዊው ሐኪም ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው። እንደ ዘበኛም እንደ ጽዳት ሠራተኛም ናቸው፤ ጀርም ይከላከላሉ፣ የሞቱ ሕዋሳትንና አሚሎይድ የተባለውን ፕሮቲን ጠራርገው ያስወግዳሉ።

በአልዛይመር ሕመም ግን አሚሎይዱ እየተከመረ ሲሄድ ዘበኞቹ ይታክታሉ። ጽዳቱን ትተው ብግነት የሚያስነሱ ኬሚካሎችን ያለማቋረጥ ይረጫሉ፤ ጤነኛ የነርቭ ሕዋሳትንም ይጎዳሉ። የሚጠብቁትን ቤት ራሳቸው ያፈርሱታል ማለት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በሚጠቀሙበት ትሬም 2 በተባለው ዘረ መል ላይ የሚከሰት ለውጥ ለሕመሙ እንደሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ታውቋል።

በሽታው እስካሁን ፈውስ አልተገኘለትም። ነገር ግን የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ በእግር መንቀሳቀስ፣ ሲጋራ መተውና የመስማት ችግርን መታከም ስጋቱን ይቀንሳሉ።

እናትዎን ግን ሐኪም ይያቸው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። እስከዚያው አራተኛውንም ጥያቄ በትዕግሥት ይመልሱላቸው።