ለመድኃኒት የምንሸጠው ማር ሐቅ ይኑረው

ማር ምግብ ነው። ማር መጠጥ ነው። ማር የቤት መድኃኒትም ነው። በወላይታ፣ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ በሃላሌ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው ሁልጊዜ ለጠጅ ወይም ለድግስ አይደለም የሚገዛው። ልጁ ሌሊቱን ሲያስል ያደረበት ሰውም ይገዛል። «ትንሽ ብቻ ስጠኝ፣ ለመድኃኒት ነው» ይላል።

እንግዲህ ይህን ቃል ልብ በሉ። ለድግስ በተሸጠ ማር ውስጥ ስኳር ቢገባበት የሚጎዳው የገዢው ኪስ ነው። ለታመመ ልጅ በተሸጠ ማር ውስጥ ቢገባበት ግን እናቲቱ «መድኃኒት ሰጥቻለሁ» ብላ ትጠብቃለች። የሰጠችው ስኳር ነው። ሐሳቤ አጭር ነው፤ ማርን መድኃኒት ካልን ሻጩ ሐቅ ይኑረው፣ ገዢውም የማርን ወሰን ይወቅ።

ንጹሕ ማር እንዴት ይታወቃል?

ብዙ ሰው «እኔ አውቀዋለሁ» ይላል። አንዱ በብርጭቆ ውኃ ላይ ያንጠባጥባል። ሌላው ክብሪት ነክሮ ይጭራል። ሌላው ጉንዳን ይመጣ እንደሆነ ያያል። እነዚህ ፈተናዎች አያስተማምኑም። ስኳር ተፈልቶ ከወፈረ እንደ ማር ወደ ውኃው ሥር ይወርዳል። ንጹሕ ማርም ውኃው በዛ ያለ ከሆነ ቶሎ ሊሟሟ ይችላል። ስለዚህ ሐሰተኛው ያልፋል፣ እውነተኛው ይወድቃል።

ማር ሲረጋ «ስኳር ገብቶበታል» የሚሉም አሉ። ይህም ስሕተት ነው። ንጹሕ ማር በብርድ ጊዜ፣ ወይም እንደ አበባው ዓይነት፣ በራሱ ጊዜ ይረጋል። ቀለምም አያስፈርድም። የትግራይ ነጭ ማር አለ፤ ጠቆር ያለ የቆላ ማርም አለ። ሁሉም ከአበባው የመጣ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቀፎውን ማወቅ ይሻላል። ማር ለመድኃኒት የሚፈልግ ሰው ከሚያውቀው ንብ አርቢ፣ በማር ቆረጣ ጊዜ፣ ከነእንጀራው ቢገዛ ይመረጣል። የእንጀራውን ዓይን ይመልከት። ንብ ማሩ ሲበስል ዓይኑን በሰም ትከድነዋለች። ክዳኑ ያልተሟላ ማር ገና ውኃ አለው፤ ቶሎ ይቦካል። በዓለም ገበያ የታወቀው ደንብ ማር ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ይላል። ያልበሰለውን የሚቆርጥ ሰው፣ ስኳር ባይጨምርም፣ የማሩን ዕድሜ ያሳጥራል።

አያያዙም ቁም ነገር ነው። ማር በደረቅ፣ ንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ነዳጅ በነበረበት ጀሪካን ማር መያዝ ፈጽሞ አይገባም። ቢታጠብም አይገባም። በቆረጣ ጊዜ ጭስ አታብዙ፤ ማሩ ጭስ ጭስ ይላል። እጭ ያለበትን እንጀራ ከማሩ ጋር አትጭመቁ። ማሩንም በእሳት አታፍሉ፤ ሽታውና ጣዕሙ ይሄዳል።

ጣዝማ ማርስ?

ጣዝማ የማትናደፍ ትንሽ ንብ ናት። ቤቷን ከመሬት ሥር ትሠራለች። ማሯ ጥቂት ነው፤ ቀጠን ያለና ጎምዘዝ የሚል ነው። ለመድኃኒት ስለሚፈለግ ዋጋው ይወደዳል። የሀገራችን ተመራማሪዎች የጣዝማን ማር ከነጭ ሽንኩርት ጋር በቤተ ሙከራ ፈትነው በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ሲያዳክም አይተዋል። ነገር ግን ቤተ ሙከራ ሌላ፣ የሰው ገላ ሌላ ነው። «ጣዝማ ሁሉን ይፈውሳል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። ዋጋው ውድ በሆነ ቁጥር አጭበርባሪው ይበዛል።

ማር የሚረዳው ለምንድነው?

ለሳል ይረዳል። ይህ የአያቶቻችን ወሬ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጽሑፍ ማርን ጉሮሮ ከሚያለሰልሱ የቤት መድኃኒቶች መካከል ቆጥሮታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የእስራኤል ሐኪሞች ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 300 ልጆች ተካፈሉ። አብዛኞቹ ከመኝታ በፊት 10 ግራም ማር ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ የቴምር ጭማቂ። ሁሉም ቀለል አላቸው፤ ማር የወሰዱት ግን የበለጠ ተሻላቸው፣ እንቅልፍም ወሰዳቸው። ከተሰጡት የማር ዓይነቶች አንዱ የባሕር ዛፍ አበባ ማር ነበር። ባሕር ዛፍ ደግሞ በእኛም ደጅ አለ።

እንግዲህ ጉንፋን ይዞት ለሚያስል፣ አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ፣ ማታ ከመኝታ በፊት አንድ ትንሽ ማንኪያ ማር መስጠት ጥሩ ነው። በሻይ ከሆነ ሻዩ ለብ ሲል ይጨመር።

ማር የማይሠራው የት ነው?

አንደኛ፦ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቅመስ። ጣት ነክሮ ማላስም አይገባም። አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ፣ የስኳር ውኃ ወይም ማር ማቅመስ በልዩ ልዩ አካባቢ የቆየ ልማድ ነው። ይቅር። በንጹሕ ማር ውስጥም ቢሆን ለትልቅ ሰው የማይጎዳ የጀርም ዘር ሊኖር ይችላል። በሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ይበቅልና መርዝ ይሠራል። ሕፃኑ ሆዱ ይደርቃል፤ ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ ልቅሶው ይደክማል፤ አንገቱ ይዝላል፤ በመጨረሻም መተንፈስ ይሳነዋል። ማሩን ማፍላት ይህን ዘር አይገድለውም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፦ ማር የሳንባ ምች አያድንም። እዚህ ላይ ቁጥር መማራችን ይጠቅመናል። የሚያስለው ልጅ ጸጥ ብሎ ሳለ ሆዱንና ደረቱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 11 ወር የሆነው ልጅ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት የሆነው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ደግሞ የባሰ ነው። ያን ጊዜ የማር ማንኪያውን አስቀምጡ፤ ልጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሩጡ። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ ከታመመማ ቆጠራም አይጠበቅ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው።

ሦስተኛ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ የትልቅ ሰው ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል አክታ መመርመር ያስፈልገዋል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ነው የሚሰጠው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው «ማር የተፈጥሮ ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ፤ ማርም ደሙ ውስጥ ገብቶ ስኳር ነው። በሐኪም ቤት ለቁስል የሚደረገው ማር ጀርሙ የተገደለለት ነው፤ ከቀፎ የወጣው እንደዚያ አይደለም። እሳት ያቃጠለውን ሰው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ አቀዝቅዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የእኛ ድርሻ

«ነጋዴው ለንጹሑም ለተቀላቀለውም አንድ ዋጋ ነው የሚሰጠኝ፤ ታዲያ ምን አተርፋለሁ?» የሚል ንብ አርቢ አለ። አባባሉ ውሸት አይደለም። ብቻውን የቆመ ሰው ዋጋ አይወስንም። ስለዚህ ንብ አርቢዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነው ማራቸውን በአንድ ቦታ ያስመዝኑ። የማርን ውኃ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ማኅበሩ እሱን ይግዛ።

ሌላም ቀላል ነገር አለ። አሁን ብዙዎቻችን መጻፍ እንችላለን። በየዕቃው ላይ አራት ነገር እንጻፍ፦ የቀበሌውን ስም፣ የአርቢውን ስም፣ ማሩ የተቆረጠበትን ወርና ዓመት፣ አበባው የምን እንደሆነ። ስሙን የጻፈ ሰው ስኳር ለመቀላቀል እጁ ይከብደዋል። ገዢውም ቢታለል የሚጠይቀውን ሰው ያውቃል። ከሥሩም አንድ መስመር ይጨመር፦ «ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም»።

ንቧንም አንርሳ። ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ አበባ ላይ አይርጭ፤ ማምሻውን፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ስትገባ ይርጭ። ቀፎ ላለው ጎረቤቱም አስቀድሞ ይንገር። ግራዋውን፣ ብሳናውን፣ ዋንዛውን አንጨርስ። አበባ ከሌለ ማር የለም።

ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባላል። ማር ሰፍረን ውሸት ከተናገርን ግን የምናታልለው ልጁ የታመመበትን ጎረቤታችንን ነው። ነገ ደግሞ የእኛ ልጅ ሲያስል ማር ፍለጋ የምንሄደው እዚያው ገበያ ነው።