ስብሰባው ይቀዳ?

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። እሑድ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ተኩል የተጠራ ስብሰባ ሦስት ተኩል ላይ ይጀመራል፤ እሱም «ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም» ተብሎ ልጆች በየብሎኩ እየተላኩ በር ሲያንኳኩ ቆይተው ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እንዳደረጉ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ወንዶቹ ከኋላ መኪና ተደግፈው ይቆማሉ። ከዚያ የውኃ ፓምፕ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ደረጃ ሥር የተከመረ የሰው ዕቃ፣ ሱቆቹ ደጅ ያወጡት ወንበር... ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም «እንዲህ ተወስኗል» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ችግሩ ይህ «እንዲህ» የሚባለው ነገር በየቤቱ የተለያየ መሆኑ ነው።

እኔ የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሊፍት የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች በተደረደሩበት ግቢ ውስጥ ነው። የግቢውን ስም ልተወው፤ ጎረቤቶቼም ይህን መጽሔት ያነባሉ። ባለፈው ዓመት ለውኃ ፓምፕ ገንዘብ እንዲዋጣ ተስማማን። ስንት? ቃለ ጉባኤው «ከየቤቱ ሁለት ሺህ ብር» ይላል። አራተኛ ፎቅ ያሉት «በሁለት ዙር ይከፈል ተብሏል» ይላሉ። ምድር ላይ ያሉት ደግሞ «ውኃ የማይደርሳቸው ፎቆች ይክፈሉ ነው የተባለው» ብለው ይምላሉ። የቦርዱ ሰብሳቢ «ሁላችሁም እጅ አውጥታችኋል» ይላሉ። ሁሉም እውነቱን የሚናገር ይመስለኛል፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ሦስቱም ሐሳብ ተነስቷልና። የትኛው እንደ ጸደቀ የሚነግረን ግን አንድ ገጽ ተኩል የእጅ ጽሑፍና አራት ፊርማ ብቻ ነው። ይህ ክርክር ሲጓተት ውኃ በፈረቃው ቀን መጥቶ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቀራል፤ ጄሪካን ይዘው አራት ፎቅ የሚወጡት ደግሞ ተከራካሪዎቹ አይደሉም፤ የቤት ሠራተኞችና ልጆች ናቸው።

በቀጣዩ ስብሰባ አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ ያሳለፉ ናቸው፤ ግቢው በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። «እቀዳለሁ» አሉ። ሰብሳቢው «ማን ፈቀደልዎ?» ሲሉ ጋሼ «ማን ከለከለኝ?» አሉ። ከአጀንዳው በፊት አርባ ደቂቃ በዚህ ላይ ተጨቃጨቅን።

እኔን የገረመኝ የተቃወሙት ቦርዱ ውስጥ ያሉት ብቻ አለመሆናቸው ነው። በዕድሜ የገፉት ብዙዎቹ ፊታቸው ተለወጠ። በኋላ አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኛ ስብሰባ ላይ ስም ሲያዝ ደስ አይለንም።» ያኔ ገባኝ። በዚህች ከተማ የሰፈር ስብሰባ የራሱ ታሪክ አለው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን፣ ካቋቋመ በኋላ እሑድ ጠዋት የስብሰባ ሆነ። ያኔ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ምን ተናገረ ተብሎ የሚጻፈው ነዋሪው ኋላ እንዲያስታውሰው አልነበረም፤ ተናጋሪውን ለመያዝ ነበር። ስለዚህ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው መቅጃ ማለት ማስረጃ ሲሆን፣ ለእኚያ እናት ግን ክስ ነው። ሁለታችንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የተቀመጥነው።

እነዚሁ እናት ግን በእድራቸው መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ፍርሃት የለባቸውም። እድር ላይ ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ሲያነብ ሁሉም ይሰማል፤ «እንዲህ አላልኩም» የሚል እዚያው ይታረምለታል፤ ገንዘብ ያዡ የገባውንና የወጣውን ጮክ ብሎ ያነባል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን እድርተኛ ሳይነገረው ይኖርበታል። የኮንዶሚኒየም ማኅበር ይህን ከእድር ለምን እንዳልወረሰ አላውቅም። ምናልባት ዕጣ አንድ ላይ ስላመጣን ይሆናል፤ እድርተኞች ግን ተመራርጠው ነው የተሰባሰቡት።

ሕጉ ላይ ስንመጣ፣ የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበሩን የባለቤቶቹ አድርጎታል። የሥራ አመራር ቦርዱ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመረጥ ነው፤ መተዳደሪያ ደንብም አለ። ቃለ ጉባኤው የሰብሳቢው የግል ማስታወሻ አይደለም ማለት ነው። ደንባችሁን አንድ ቀን አንብቡት፤ ስለ መቅጃ ላይናገር ይችላል፣ ስለ ምልዓተ ጉባኤና ስለ ድምፅ አሰጣጥ የሚለውን ማወቅ ግን ግማሹን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልምጣ። ጋሼ በቅን ልቦና የቀዱትን በሙሉ፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ድምፅ፣ የግቢያችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቁት። ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የሚያዳምጥ ማን አለ? አንድ ሰው ግን አዳምጦ አርባ ሰከንድ ቆረጠ። አንዲት የሁለት ልጆች እናት በደረጃ ጽዳት ተራ ላይ ተናዳ እየጮኸች፣ ከዚያም ድምፅዋ ሲሰበር የሚሰማበትን ቦታ ነው የቆረጠው። ማን እንደሆነ አልታወቀም። አርባ ሰከንዱ ከግቢ ወጣ፤ የመጀመሪያ ልጅዋ ትምህርት ቤት ውስጥ ከጓደኛው ስልክ ሰማው። ያቺ እናት ከዚያ በፊት የነበረውን አላሰማንም፤ ለአራት ወር ብቻዋን ደረጃውን ስታጥብ እንደነበረ የተናገረችው ከዚያ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብሎ ነበር።

ማርኬቲንግ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። ከአንድ ሰዓት ቃለ ምልልስ ሠላሳ ሰከንድ መርጦ ሰውን ደስተኛ ደንበኛ አድርጎ ማሳየት እንጀራዬ ነው። በዚያው መቀስ ያንኑ ሰው ነዝናዛ ማድረግም ይቻላል። ስለዚህ «ቅጂው አይዋሽም» የሚሉትን አላምንም። ሙሉው ላይዋሽ ይችላል፤ የሚዘዋወረው ግን ሙሉው አይደለም።

ሌላው ዓለምም በዚህ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዌልስ፣ ካርማርተን ውስጥ አንዲት ነዋሪ የአካባቢዋን ምክር ቤት ስብሰባ ከተመልካች መቀመጫ ላይ ሆና በስልኳ ስለቀረጸች ፖሊስ ተጠርቶ በእጅ ካቴና ተወሰደች። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዝ ነዋሪዎች የአካባቢ ምክር ቤቶችን ስብሰባ መቅረጽ እንዲችሉ የሚፈቅድ ደንብ አወጣች። ያም ሆኖ በ2021 መጀመሪያ ላይ ሃንድፎርዝ የምትባል ትንሽ ከተማ ምክር ቤት አባላት በዙም ሲጯጯሁ የሚያሳይ ቁራጭ ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። ሚሊዮኖች ሳቁ። በምን ጉዳይ ሲከራከሩ እንደነበር የጠየቀ ግን ብዙ አይመስለኝም።

በእኛም አገር 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ ሰውየው የያዘው የሕዝብ ሥልጣን ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ጉዳይ ሲሆን ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይገልጻል። ሕጉ ሲወጣ ስለ ፎቶግራፍ ታስቦ ነው፤ የቴሌግራም ድምፅ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የእኔ ቢጤ ተራ ሰው ከዚህ የሚረዳው ሰብሳቢ ሆኖ በሕዝብ ገንዘብ ላይ የሚወስን ሰውና ስለ ደረጃ ጽዳት የምታለቅስ እናት እኩል እንዳልሆኑ ነው። ሰብሳቢው ያለው ይቀዳ፣ ይሰማም። የእሷ እንባ ግን የግቢው ንብረት አይደለም።

ግቢያችን ከሦስት ሳምንት ኩርፊያ በኋላ እንደገና ተሰብስቦ መፍትሔ የመሰለ ነገር ላይ ደረሰ። ቅጂው ይቀጥላል፣ ግን በመጀመሪያ ለሁሉም ይነገራል፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል እንጂ ኪስ ውስጥ አይሆንም። አንዱ የጸሐፊው፣ ሌላው ተሰብሳቢው የመረጠው ሰው ስልክ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ አይለቀቅም፤ መስማት የፈለገ ጋሼ ቤት ሄዶ ቡና እየጠጣ ይሰማል። ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነቦ ሲጸድቅ ይሰረዛል።

እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ የወደድኩት አንዱን ነው፤ እሱም ስልክ አያስፈልገውም። ሰው ከመነሳቱ በፊት ጸሐፊው እያንዳንዱን ውሳኔ ጮክ ብሎ ያነባል፦ ስንት ብር፣ እነማን ይከፍላሉ፣ እስከ መቼ፣ ስንት እጅ ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ድምፀ ተዓቅቦ። «ልክ ነው?» ይላል። ከዚያ የገጹ ፎቶ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከስብሰባ በኋላ ማን ምን እንደሚሠራ በኢሜይል ካልተላከ ስብሰባው እንዳልተደረገ ነው የምንቆጥረው፤ ቤታችን ያለበት ጉዳይ ከአንድ የማስታወቂያ ዘመቻ ያነሰ አይደለም። የፓምፑም ጉዳይ የተፈታው በዚሁ መንገድ ነው። ያን ዕለት የቀዳ ሰው ስላልነበረ ማን ልክ እንደነበር ማወቅ አልተቻለም፤ እንደገና ድምፅ ተሰጠበት፤ ሁሉም ፎቅ፣ በሁለት ዙር። ተነበበ፣ ተለጠፈ። ሁለተኛውን ዙር ያልከፈሉ አሁንም አሉ፤ «አልተባለም» የሚል ግን የለም።

የተዋጣው ዋጋ በብር ብቻ አልነበረም። ያቺ እናት እስካሁን ወደ ስብሰባ አልተመለሰችም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁሉንም ታወራኛለች፣ ሐሳቧም ከብዙዎቻችን ይሻላል። «በስሜ ሳይሆን አንቺው ተናገሪልኝ» ትለኛለች። እናገርላታለሁ፤ እንደ እሷ ግን አልናገረውም።

ከግቢ ወጣ ስንል ደግሞ ወረዳው አለ። ወረዳ የጠራው ሕዝባዊ ውይይት ላይ ሄዳችሁ ምን እንደተወሰነ ግራ ከገባችሁ፣ ስልክ ከፍ አድርጎ ከመጨቃጨቅ የሚቀል መንገድ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ በጽሑፍም በቃልም እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ መልሱም ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተከለከላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። ቃለ ጉባኤ ለመጠየቅ አንድ ገጽ ማመልከቻ ይበቃል። ቀኑ ያለበትን ቅጂ ተቀባዩን አስፈርማችሁ ያዙ።

በግቢያችን አሁን የተነሳው ሌላ ነው። በእኔ ደረጃ ካሉት አሥር ቤቶች ስድስቱ ተከራይ ናቸው። ማኅበሩ የባለቤቶች ስለሆነ ድምፅ የላቸውም፤ የጥበቃና የጽዳት መዋጮውን በየወሩ የሚከፍሉት ግን እነሱ ናቸው፤ ባለቤቶቹ ብዙዎቹ ለስብሰባ እንኳ አይመጡም። ባለፈው አንድ ተከራይ ወጣት ከኋላ ሆኖ እጁን አወጣ። ሰብሳቢው ሲያመነቱ ጋሼ ስልኩን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። «ክፍያ ሲሆን ነዋሪ፣ ድምፅ ሲሆን ተከራይ ነን፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አለ። ጸሐፊው ጻፈው፤ ሲነበብም ቃል በቃል ነበር። ለኅዳር ስብሰባ አንደኛ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል።