«ጊታር ባህል ያበላሻል» ላላችሁን

ሦስት ተማሪዎቼ በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ሽለላ በጊታር ሊያቀርቡ ሁለት ወር ተለማመዱ። ኮሚቴ ተብዬው ሰረዘባቸው። ለምን? «የፈረንጅ ጩኸት ነው፣ ባህል ያበላሻል።» በምትኩ ምን ቀረበ? ኪቦርድ! ቁልፍ ተጭኖ መሰንቆ የሚያስመስል ኪቦርድ። እሱ ባህል ነው አሉ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ተናደድሁ።

ወገን፣ ጌታቸው መኩሪያን ታውቁታላችሁ? የይፋቱ ሰው ሽለላና ፉከራን ከሰው አፍ ወስዶ በሳክስፎን ነፋው። ሳክስፎን ደግሞ የቤልጂጉ አዶልፍ ሳክስ የሠራው ነው እንጂ ከቢቸና አልመጣም! ጎፈር ደፍቶ መድረክ ሲወጣ ግን ባህል አበላሸ ያለው አልነበረም።

ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ደግሞ «ዘ ኤክስ» የተባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮከሮች ለ25ኛ ዓመታቸው ጋበዙት። አጅቡኝ ያላቸው እሱ ራሱ ነው። በፈረንጆች 2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን አልበም አብረው አወጡ። ውስጡ «ቼ በለው ሽለላ» አለላችሁ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ስሰማው ጆሮዬን አሞኛል። ሁለተኛ ስሰማው ግን ገባኝ። የኛ ፎካሪ ድምፁን አለስልሶ ነው እንዴ የሚፎክረው? ያሻክረዋል፣ ይሰብረዋል። እነሱም ጊታሩን ሆን ብለው ያሻክሩታል። ሽማግሌው እንደልቡ እየጎተተ ይነፋል፣ ጊታሩ አንዷን ነገር እየደጋገመ እንደ ሠርግ ቤት ተቀባይ ይቀበለዋል። ቃል ግጥም ሳስተምር በስልኬ ያስደመጥኋቸው ይሄንን ነው። ልጆቹም ሐሳቡን ያገኙት ከዚያው ነው፤ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው።

ልጆቻችን የሰው ብቻ እየቀዱ እንዳይቀሩ መስጋት ተገቢ ነው፣ እኔም እሰጋለሁ። ግን እነዚህ ልጆች የቀዱት ማንን ሆነና? የገዛ አያቶቻቸውን ፉከራ! ጌታቸው በ2016 አረፈ። የመጨረሻ አልበሞቹን ያሳተሙለት ሆላንዶች ናቸው። እኛ እዚህ ኪቦርድ እየጫን።

ለማንኛውም ልጆቹ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ግቢ ይጫወታሉ፣ መብራት ካልጠፋ። ኮሚቴውም ተጋብዟል፣ ቡና አለ። ረጅም የመብራት ገመድ ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ የኔው ከበር አያልፍም።