ወጥነት የዘር ጥራት አይደለም

የስንዴ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ቁመቱም ቀለሙም እኩል ሆኖ በአንድ ቀን ሲደርስ እናደንቀዋለን። ቁመቱ የተለያየ፣ ጥቁሩና ነጩ ተቀላቅሎ የበቀለው የአገር ስንዴ ግን «ያልተሻሻለ» ይባላል። ከግብርና ቢሮ እስከ ዜና ማሰራጫ የሰፈነው ይህ ሚዛን የተሳሳተ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ገበሬው ነው።

በ2010 የሆነውን እናስታውስ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኩብሳ የተባለው ምርጥ ዘር የአገሪቱን የስንዴ ማሳ በስፋት ይዞ ነበር። ምርታማ ስለሆነ ገበሬው ወዶታል። ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ግን በዋናነት በአንድ ዘረ መል ነበር። ያንን ዘረ መል የሚያልፍ ዋግ ሲመጣና ዝናቡም ሲመቸው፣ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ ተመታ። ከዚያ በኋላ ተተኪ ሆኖ የተስፋፋው ዲገሉ ነበር። ቢጫ ዋግንም፣ ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋማል ተባለ፤ እውነትም ይቋቋም ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2013 መጨረሻ፣ ከዩጂ99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ መጣና የዲገሉን መከላከያ አለፈ። በባሌ አንዳንዱ ማሳ የሚታጨድ እህል አጣ።

ይህን «የአየር ጠባይ አመጣው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ዋግ ሕያው ነገር ነው፤ ይራባል፣ ይለወጣል። የታመመ ማሳ በነፋስ የሚበትነው ብናኝ ስፍር ቁጥር የለውም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱ የዘር ለውጥ አድርጎ የስንዴውን መከላከያ ቢያልፍ፣ የተለያየ ዘር ባለበት ማሳ ቀጣዩ ተክል ሊያግደው ይችላል። በወጥ ማሳ ግን ቀጣዩም፣ ከቀጣዩ ወዲያ ያለውም በሩ ክፍት ነው። ዳርዊን በ1859 የጻፈለት የተፈጥሮ ምርጫ በየክረምቱ ማሳችን ላይ ይሠራል፤ እኛ ስንዴውን አንድ አድርገን ስናቆመው፣ በምርጫው የሚጠቀመው ዋጉ ብቻ ይሆናል።

ወጥነትን የጥራት ሚዛን ላደረገው አስተሳሰብ ሕጋዊ ጉልበት የሰጠው የዝርያ አመዳደብ ነው። በ1961 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የአዳዲስ የዕፅዋት ዝርያዎች ጥበቃ ስምምነት፣ አንድ ዝርያ ዕውቅና እንዲያገኝ ከሌሎች የተለየ፣ ወጥና የማይለወጥ እንዲሆን ይጠይቃል። ኢትዮጵያ አባል ባትሆንም፣ እነዚሁ መስፈርቶች በዝርያ ምዝገባችን ውስጥ ገብተዋል። ዘር የሚገዛ ሰው በጆንያው ውስጥ ያለውን ማወቅ አለበት፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ነገር ግን በዚህ ሚዛን ገበሬው ከአያት ቅድመ አያቱ የተረከበው ስንዴ ዝርያ ሆኖ አይቆጠርም፤ በአንድ እፍኝ ውስጥ ብዙ ዓይነት አለበትና። ዋጋው የሆነው ነገር እንደ ጉድለት ተመዘገበበት።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ሲያስስ ያስገረመው ይኸው ልዩነት ነበር። በ1937 እና በ1938 ጀርመኖች ከኢትዮጵያ በሰበሰቡት ገብስ ውስጥ የተገኘ ዘረ መል፣ የአውሮፓን ገብስ ቅጠሉን ዱቄት ከሚያለብሰው በሽታ ለዐሥርት ዓመታት ጠብቋል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከሚያቀጭጨው ቫይረስ የታደገው ዘረ መልም ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። ያንን ገብስ ያቆዩት ወጥነትን ያልጠየቁ ገበሬዎች ናቸው። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሸለሙት ዶክተር መላኩ ወረደም፣ የአገር ዘር በዘር ባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ ይጠበቅ ሲሉ የታገሉት በምክንያት ነው። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ባለበት ይቆማል፤ በሽታው ግን ውጭ ሆኖ መለወጡን አያቆምም።

ምርጥ ዘር ይቅር አልልም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በጥቂት ኩንታል ምርት አይጠግብም። ኩታ ገጠም እርሻም ለኮምባይነርና ለገበያ ይመቻል። የሚያስፈራኝ፣ ኩታ ገጠም ሲባል መሬቱ ብቻ ሳይሆን ዘረ መሉም አንድ መሆኑ ነው። ልዩነትና ምርት አይጣሉም። በቻይና ዩናን በሽታ የማይችለውን ሩዝ ከሚቋቋመው ጋር አሰባጥረው ሲዘሩት፣ ለብቻው ከተዘራው ይልቅ በሽታው በ94 በመቶ ቀነሰለት፣ ምርቱም በ89 በመቶ በለጠ፤ ውጤቱ በ2000 ታትሟል። በትግራይና በኤርትራ ደጋ ስንዴና ገብስን አንድ ላይ የሚዘሩት የሐንፈጽ ገበሬዎችም የቅይጥን ጥቅም ያውቃሉ።

ስለዚህ ወረዳው የኩታ ገጠም ዕቅድ ሲያወጣ፣ የሚታደለው ዘር የሚቋቋምበት ዘረ መል ምን እንደሆነ ይጠየቅ፤ ለአጎራባች ኩታ ገጠሞች የተለያየ መከላከያ ያለው ዘር ይሰጥ። የምዝገባ መሥሪያ ቤቱም ለአገር ዘርና ለቅይጥ ዘር የራሱን መዝገብ ይክፈት፤ በዚያ መዝገብ ወጥነት የመግቢያ መስፈርት አይሁን።