የኬኔት ክላርክ ደብዳቤዎች

ኬኔት ክላርክን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሰራጨው «ሲቪላይዜሽን» በተሰኘው ባለ13 ክፍል ዝግጅት ነው። ከዚያ በፊት ግን የለንደን ናሽናል ጋለሪ ዳይሬክተር፣ የብሪታንያ ነጻ ቴሌቪዥን ባለሥልጣን የመጀመሪያ ሊቀ መንበር፣ የኪነ ጥበብ ምክር ቤቱም ሰብሳቢ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጋለሪው ሥዕሎች ከቦምብ እንዲተርፉ ዌልስ ውስጥ ወዳለ የድንጋይ ማዕድን ዋሻ ሲወሰዱ፣ ባዶ በቀረው አዳራሽ ፒያኒስቷ ማይራ ሄስ የምሳ ሰዓት ኮንሰርት እንዲያዘጋጁ የፈቀዱት እሳቸው ናቸው።

ክላርክ በ1983 አረፉ። ወረቀቶቻቸው ዛሬ በለንደኑ ቴት ሙዚየም መዝገብ ቤት ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። ትልቅ ሀብት ነው። በስክሪን የታየውን ሕዝብ አይቶታል፤ የትኛው ሠዓሊ ለምን እንደተደገፈ፣ የትኛው ሐሳብ በማን ግፊት እንደወደቀ የሚገልጠው ግን የግል ደብዳቤ ነው። የመሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ብዙውን ጊዜ ውሳኔውን እንጂ ክርክሩን አይመዘግብም።

እንዲህ ያለው ሰነድ የቤተሰብ ቅርስ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ወላጆቻችሁ ዕድሜያቸውን በብሮድካስትና በኪነ ጥበብ አስተዳደር ያሳለፉ ሁሉ፣ የደብዳቤዎቻቸውን ካርቶን ከመጣላችሁ በፊት ለቤተ መዛግብት ባለሙያ አሳዩት።