አረፋው ሲበዛ ጋዙን ለመቀነስ አትቸኩሉ

ባለፈው ሰኔ ሳክሲ ውስጥ አንድ ባለታክሲ ወዳጃችን የልጁን ምርቃት ደግሶ ነበር። የድራፍቱን በርሜል ጠዋት በመኪናው ጭኖ አመጣ፤ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ካለው ማቀዝቀዣ አገናኝቶ መቅዳት ጀመረ። ብርጭቆው በአረፋ ተሞላ። ጋዙን ቀነሰ፤ አረፋው ባሰ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት ይኸው ነው።

ይህ የድግስ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ምግብ ቤት ላላችሁ ሒሳቡን እናስላው። ትልቁ በርሜል 15.5 ጋሎን ይይዛል፤ ባለ 16 አውንስ 124 ብርጭቆ ማለት ነው። ሩቡ በአረፋ ወደ ማጠቢያው ከፈሰሰ 31 ብርጭቆ ጠፋ። አንዱን በ6 ዶላር ብትሸጡ ከአንድ በርሜል 186 ዶላር ከሰራችሁ። ብዙዎቻችን ግን ጥፋቱን በጠማቂው እናላክካለን። በእኔ እምነት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ነው።

የአምቦ ውሃን አስቡ። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ ጸጥ ይላል፤ ስታላሉት ግን ይንተከተካል። ሞቆና ተንገላቶ ከሆነማ ይገነፍላል። ቢራም እንዲሁ ነው። ጋዙን ስትቀንሱ ቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ ቱቦው ውስጥ ይለቀቃል፤ አረፋውም ይብሳል።

ስለዚህ በቅደም ተከተል ፈትሹ። መጀመሪያ ቅዝቃዜውን፦ በርሜሉ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ይቀመጥ፤ ቢራው ራሱ 38 ፋራናይት ይድረስ። ቀጥሎ ግፊቱን፦ ለተለመደው ቢራ ከ10 እስከ 12 ፒኤስአይ ይበቃል። ከዚያ ቱቦውን፦ ውስጡ 3/16 ኢንች የሆነ ቱቦ ለቤት ከ8 እስከ 10 ጫማ ቢረዝም ይሻላል፤ አጭር ከሆነ ቢራው እየተወረወረ ይወጣል። በየሁለት ሳምንቱም ይታጠብ። በመጨረሻም አቀዳዳችሁን፦ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ብርጭቆውን አዘንብሉት። በረዶ የያዘ ብርጭቆ አረፋ ያበዛል፤ ቅባት የነካው ደግሞ አረፋውን ያጠፋል።

አገር ቤት ድራፍት የቀዳችሁ ደግሞ የዚያን ቁጥር እዚህ አታምጡ። በየ2,000 ጫማ ከፍታ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ወደ 4 የሚጠጋ ጭማሪ ትፈልጋለች። የዳላስ አካባቢ ግን ዝቅተኛ ነው፤ በዚያ ቁጥር ቢራው ጋዝ ይበዛበታል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በቴክሳስ ሕግ አንድ የቤተሰብ ኃላፊ ለራሱና ለቤተሰቡ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ቢራ ያለፈቃድ መጥመቅ ይችላል። መሸጥ ግን ሌላ ነው። ጋራዥ ውስጥ በር ላይ ገንዘብ ተቀብሎ መቅዳት ከቴክሳስ የአልኮል መጠጥ ኮሚሽን ፈቃድ ይጠይቃል። «የወንድማማች መዋጮ ነው» ማለት አያድንም። የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ኤን-400 ስለ እስርና ስለ ክስ ይጠይቃል። ለጥቂት ብርጭቆ ብላችሁ የዓመታት ወረቀታችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ።

ወዳጃችን በማግስቱ ምንም ሳይነካ ከበርሜሉ ቀዳ፤ ቢራው ቀዝቅዞ ጥርት ብሎ ወረደ። እንግዶቹ ግን ሄደው ነበር። እናንተ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግዙ።